በቁቤ የተነበበ ሰማይ

የኮምፒውተር ጌም ልጅን ከአገሩ ያርቀዋል ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ የተወለድኩበትን አገር ያወቅሁት በጌም ነው። ነጌሌ ቦረና ተወልጄ እዚያው አድጌ፣ በዚያ ምድር ውሃ የማን እንደሆነና ማን ቀድሞ ከብቱን እንደሚያጠጣ የተማርኩት ከመጽሐፍም ከጉዞም አይደለም። የተማርኩት ስሙን እስከ ዛሬ ከማላውቀው፣ በጠፈር መርከብ ከኮከብ ኮከብ ከሚኬድበት ጨዋታ ነው። ይህን ስናገር የተማሩ ጓደኞቼ ፈገግ ይላሉ፤ «ደግሞ ጀመራት» የሚል ፈገግታ ነው። ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ወደ ሞያሌ ስሄድ ሜጋ ላይ ምሳ ልንበላ ወረድን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የምግብ ቤቱ ሰው ከጓሮ ጄኔሬተር አስነሳ። የናፍጣው ጭስ በመስኮት ገባ። ወዲያው ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ሞቀና የተኛበት አቧራ መሽተት ጀመረ። እጄ ትሪው ላይ እንዳለ ቆመ። አብረውኝ የነበሩት ወጡ የተበላሸ መስሏቸው የየራሳቸውን ጉርሻ አሸተቱ። ወጡ ደህና ነበር። እኔን ያቆመኝ ናፍጣና የሚሞቅ አቧራ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ ነው፤ የሐጂ አደን ሱቅ ሽታ።

ሐጂ አደን ነጌሌ ገበያው አጠገብ ስኳር፣ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ሽርጥና ባትሪ ይሸጡ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ለስላሳ የሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ አለ። ከፍሪጁ አጠገብ፣ የስኳር ጆንያዎች መሃል፣ አንድ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ዶሎ ኦዶ ላይ አንድ የእርዳታ ቢሮ ሲዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ ገዝተው በአይሱዙ ያመጡት ነው። ሐሳባቸው ለከተማው ሰው ማመልከቻ መጻፊያ እንዲሆን ነበር። የቀጠሯት ታይፒስት ግን ሥራ በጀመረች በሳምንቷ አግብታ ክብረ መንግሥት ሄደች፤ ኮምፒውተሩም ለእኛ ቀረ። ማን እንደጫነው እንጃ፣ ሆዱ ውስጥ ጨዋታው ነበር።

«ፍሪጁ እስኪቀዘቅዝ ብቻ ነው!» ይሉ ነበር ሐጂ፣ ጄኔሬተሩን እያስነሱ። «ከዚያ ዋላሂ አጠፋለሁ። ናፍጣዬን ለኮከብ አላቃጥልም።»

ስለዚህ የዓለማችን ዕድሜ የሚለካው በለስላሳ ቅዝቃዜ ነበር። አልፎ አልፎ ሩቅያ የፍሪጁን በር በጣቷ ገርበብ ታደርገዋለች።

ሩቅያ የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት። ከደንበኛ ጋር በአማርኛ፣ ከሌላው ጋር በኦሮምኛ፣ ከአክስቶቿ ጋር በሶማሊኛ እየተከራከረች ያደገች፣ መልስ የማያጣት ልጅ ነበረች። ሁለተኛው ቦሩ ነው። ቤተሰቡ ከከተማ ውጭ ከብት አርቢ ነው፤ እሱ ግን እንዲማር ነጌሌ አክስቱ ቤት ተቀምጧል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። አባቴ ከወሎ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር፣ እናቴ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ። ለእኛ ቤት ከከተማው ወዲያ ያለው ሁሉ «ገጠር» ይባላል፤ ሌላ ስም አልነበረውም። እኔን ሰናይት ብለው ሰየሙኝ፤ ሩቅያና ቦሩ አሳጥረው ሴና አሉኝ። በኦሮምኛ ሴና ታሪክ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለረጅም ጊዜ የሰነፍ ልጅ ቁልምጫ ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታው ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነበር። ከሦስታችን በአማርኛ ክፍል የምማረው እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬም «ይህ እስክሪብቶ ነው» የሚለውን በዜማ ከማለት አያልፍም። አንባቢያችን ቦሩ ነበር። ትምህርት በአፋን ኦሮሞ መሰጠት ከጀመረ ያኔ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ቦሩም ከመጀመሪያ ቀኑ ጀምሮ የተማረው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው። እኔ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስለቅም እሱ እንደ ጅረት ያወርደዋል። አንድ ችግር ብቻ ነበር፣ እሱንም ችግር መሆኑን ማናችንም አላወቅንም፦ በቁቤ ሲ «ጭ» ነው፣ ኤክስ «ጥ» ነው፣ ኪው «ቅ» ነው። ቦሩ የእንግሊዙን ሰማይ በቁቤ አነበበልን።

ዕቃ የሚጫንበት ክፍል CARGO ይላል። «ጫርጎ» አለ ቦሩ። ጫርጎ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቃሉ ራሱ ሆደ ሰፊ፣ ከኋላ የሚንጠለጠል ነገር ይመስላል። በጫርጎው ውስጥ ከተንሳፋፊ ድንጋዮች የምንሰበስበው ነገር ORE ተብሎ ይጻፋል። ቦሩ ይህን ሲያይ ሳቀ።

«ሀውን ረስተውታል። ሆሪ ነው።»

ሆሪ ከብት ነው፤ ሀብትም ነው። በኦሮምኛ ሁለቱን መለየት እምብዛም አያስፈልግም። እንግዲህ ከድንጋዮቹ ከብት እንሰበስባለን ማለት ነው። ይህ አልገረመንም። የዚያ ዓመት በጋ ከብት ድንጋይ የላሰበት በጋ ነበር።

እኔም ያበረከትኩት አለ። ከላይ በግራ በኩል HULL የሚል ቃል፣ ከጎኑም ቁጥር አለ። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ኩራቴም ነበር፦ «ሁሉ»። ድንጋይ ሲመታን ሁሉ ይቀንሳል። ሁሉ ዜሮ ሲገባ ሁሉም ያበቃል። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር ከየት ይመጣል?

በመንገዳችን የሚያልፉ ሌሎች መርከቦች ደግሞ XORA የሚል ስም አላቸው። «ጦራ» አለ ቦሩ። ጦራ ሲል እኔ ጦር ሰማሁ፤ ጠላት መሆናቸው አለቀለት። ባየናቸው ቁጥር እንሸሻለን። እነሱም ይከተሉናል፤ መከተላቸውን ለጥላቻቸው ማስረጃ አደረግነው።

ቃላቱ ሲበዙ ዓለሙ ሰፋ። ጨዋታውን «ፎራ» አልነው። ፎራ ቦሩ ያመጣው ቃል ነው፦ ድርቅ ሲሆን ጎረምሶች የማይታለቡትን ከብቶች ይዘው ውሃና ሣር ፍለጋ ከመንደር ርቀው የሚወጡበት ነው። ለቦሩ የጠፈር መርከብ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ርቆ ይሄዳል፣ ሆሪ ይዟል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ይመለሳል።

ውሃው ደግሞ ቀለበት የመሰለ ጣቢያ ነበር፤ መርከቦች ተሰልፈው ነዳጅ የሚቀዱበት። አንድ ቀን ሩቅያ ሰልፉን ጥሳ ገባች። ጣቢያው ተኮሰብን። ሁሉ ግማሽ ሆነ።

«አባ ሄሬጋው ተቆጣ» አለ ቦሩ፣ ምንም ሳይደንቀው።

«ማነው እሱ?» አልኩ።

አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው አየኝ። «ኤላ ላይ ተራ የሚያወጣው ነዋ። ዛሬ የነማን ከብት ይቀድማል፣ ነገ የነማን፣ እሱ ነው የሚለው። ኤላ ዝም ተብሎ አይገባም።»

ኤላ የውሃ ጉድጓድ መሆኑን እንኳ የነገረችኝ ሩቅያ ናት። ሩቅያ ራሷ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። «ለምን አንከፍልና አንቀድምም?»

«ውሃ አይሸጥም። ይጠየቃል።»

«አባቴ ይሸጣል።»

«አባትሽ የሚሸጡት ጠርሙሱን ነው።»

ሐጂ ከባንኮኒው ማዶ ሰምተው «ይሄ ልጅ ሱቄን ሊያዘጋ ነው» ብለው ሳቁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጉድጓዱ ባለቤት አገኘ፣ ባለቤቱ ጎሳ፣ ጎሳው ዘመድና ባላንጣ። የእኔ ሥራ ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰዓት መተረክ ነበር። ጨዋታውን አንድ ቀን ያላዩ ልጆች ጦራዎች ለምን እንደሚያሳድዱን ግራር ሥር ቆመው ይከራከሩ ነበር። አንዱ እንዲያውም በእናቱ በኩል ከጦራ ጋር እንደሚዛመድ ተናገረ፤ ማንም አልተቃወመውም።

ስህተታችን ሁልጊዜ ቆንጆ አልነበረም። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የቃላት ዝርዝር ይወጣል። ከሥር QUIT ይላል። ቦሩ «ቁይት» ሲለው እኔ «ቆይ ማለቱ ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሩቅያ ማሰብ በፈለገች ቁጥር «ቆይ» ትጫናለች፣ ስክሪኑም ይጨልማል፣ ዓለሙም ከአዲስ ይጀምራል። ከዝርዝሩ አናት ላይ ደግሞ SAVE አለ። «ሳቬ የሰው ስም ነው» አለ ቦሩ። «ከሁሉ በላይ የተቀመጠ ስለሆነ ሽማግሌ ነው።» ሽማግሌ ያለ ጉዳይ አይነካም። አልነካነውም። በዚህም ምክንያት በየቀኑ ከመጀመሪያው እንነሳለን፤ ፍሪጁ ከሚቀዘቅዝበት ወዲያ ያለውን ሰማይ አይተነው አናውቅም።

ከቃሎቹ ሁሉ ግን አንዱ ለብቻው ነበር። ጨዋታው ሲከፈት የሰማዩ ካርታ ይመጣል፤ በካርታው ጫፍ፣ ደርሰንበት በማናውቀው ቦታ፣ GALE የሚል ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።

ይህን ለማንበብ ቦሩ አልደከመም። «ገሌ» አለ።

ገሌ ኦሮምኛ ነው፤ የጠራ፣ ፊደል ያልጎደለው፣ የቤት ኦሮምኛ። ገባ ማለት ነው፤ ቤቱ ተመለሰ።

«ኤኙ ገሌ?» አለች ሩቅያ። ማን ገባ?

«አይልም። ገሌ ብቻ ነው የሚለው።»

ማን እንደገባ ብዙ ተከራከርን። እኔ ለዕረፍት ሰዓት የሚሆን ንጉሥ ፈለግሁ። ሩቅያ ደላላ ነው አለች። ቦሩ ግን በየቀኑ ስክሪኑ ሲበራ ከሁሉ በፊት ወደዚያ ጥግ ያይና በቀስታ «ገሌ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ለእኛ የሚያነብልን ይመስለኝ ነበር።

የቦሩ ታላቅ ወንድም ሊበን የቤተሰቡን ከብት ይዞ ዳዋ ወንዝን ተሻግሮ ፎራ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ወሬውን ያመጡ ነበር፤ እዚህ አየነው፣ እዚያ ውሃ አገኘ። ከዚያ ወሬው ተቋረጠ። ይህን የሰማሁት ከቦሩ አይደለም፤ አጎቱ ሱቁ የመጡ ቀን ነው።

የእናቱ ወንድም ናቸው፤ ቦሩ «አቡያ» ይላቸዋል፤ ስማቸው ጎዳና። እኔ ጎዳና ስል መንገድ ነው የማውቀው፣ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆኑ የወጣላቸው ስም መሰለኝ። ነገሩ ያን ያህል አልተሳሳትኩም፦ ቤተሰቡ ሲሰደድ መንገድ ላይ የተወለደ ልጅ በቦረና ይህን ስም ያገኛል። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ ሐጂ?»

«ናጋ። እርስዎስ? ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ሆሪው ናጋ?»

«ናጋ፣ ናጋ።»

ሁሉም ሰላም ሆኖ፣ ተራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እውነቱ የመጣው። ሩቅያ በጆሮዬ እየተረጎመችልኝ ነበር። ሊበን ጠፍቷል። ያየው የለም። ሰዎች ታመመ ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሞተ ይላሉ። ዝናቡ ሲመጣ እቤት የቀሩትን ላሞች የሚይዝ ወንድ የለም። ቦሩ ከቅዳሜ ገበያ በኋላ አብሯቸው ይሄዳል።

«ትምህርቱስ?» አሉ ሐጂ።

«ትምህርት ይቆያል፤ ላም አትቆይም።»

ቦሩ ባንኮኒውን ይዞ ቆሞ ነበር። በእሱ ቦታ እኔ አለቅስ ነበር። እሱ ግን ወደ ስክሪኑ ዞረ። እዚያ ላይ ያ ቀይ ጽሑፍ ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል።

በማግስቱ አባቴ ሱቁ ደረሰ። ሩቅያ ቤት የማጠና ይመስለው ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችን ግን «ልጅዎ እኮ ሱቅ ለሱቅ ሆናለች» አለችው። አንገቱን በበሩ አስገብቶ እኔን ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ አይቶ ሳያነብ ማለፍ የማይችል ሰው ነበር፤ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ ጮክ ብሎ ያነባል።

«መምህር፣ ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ ሐጂ። «እርስዎ ይንገሩን እስቲ፣ ይሄ ገሌ የሚባለው ማነው?»

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ጽሑፉ ላይ ሲጫኑት ሌላ ረጅም ጽሑፍ እንደሚከፈት እኛ አናውቅም ነበር፤ እሱ ከፈተው።

«ገሌ አይደለም። ጌል ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ማለት ነው። የመርከብ ስም ናት። እንዲህ ይላል፦ ጌል የተባለችው መርከብ ከነሰዎቿ ከጠፋች ቆይታለች። ፍለጋው ቆሟል። ያገኛት ሰው ዕቃዋን መውሰድ ይችላል።» ትምህርት በመስጠቱ ደስ ብሎት ዞረ። ደስታው ከፊቱ የወረደው የቦሩን ፊት ሲያይ ነው።

«ገሌ ነው የሚለው» አለ ቦሩ።

«ልጄ፣ በእንግሊዝኛ እኮ...»

«በእንግሊዝኛ ጠፍታለች። በኛ ገብቷል።»

አባቴ ሊከራከር አንድ ጣቱን አነሳ። ሐጂ በዓይናቸው አንድ ነገር አሉት። ጣቱን መለሰ።

«ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?» አልኩ እኔ።

መልሱን የሰጠችው ሩቅያ ናት።

«ሄደን አናይም እንዴ?»

የዚያን ቀን አባቴ የሰማያችንን ግማሽ አፈረሰው። ሁሉ የመርከቡ ገላ ነው። ጫርጎ ጭነት ነው። ሳቬ ሽማግሌ አይደለም፤ ስትጫኑት ጨዋታው የደረሳችሁበትን አስቀምጦ ያቆይላችኋል፣ ነገ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። በጋውን ሙሉ ዓለምን በየቀኑ ከአዲስ ስንፈጥር ከርመናል፤ ለካ አንድ ሽማግሌ ማስቸገር ይበቃ ነበር። ጦራዎቹም ጦራ አይደሉም፤ ዞራ ይባላሉ፣ ነጋዴዎች ናቸው።

«ያ አላህ!» አለች ሩቅያ፣ ራሷን ይዛ። «ከደንበኞቻችን ስንሸሽ ነው የከረምነው!»

ያልፈረሰውም ነበር። አባቴ ስለ ነዳጁ ቀለበት የተጻፈውን አንብቦ ስለ ተራው የሚለው ነገር እንደሌለ ሲነግረን፣ ቦሩ «ተራውማ ይጻፋል እንዴ?» አለው። አባቴ ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ይህን ሲያብሰለስል ነበር። በማግስቱ «ልቆጣጠራችሁ ነው» ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ሊቆጣጠረን ይመጣ ነበር፤ ወንበሩን ይዞ።

ወደ ጌል የሚወስደው መንገድ ረጅም ነበር። እያንዳንዱን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትንሽ ተጓዝን፤ ሐጂ ጄኔሬተሩን ሊያጠፉ ሲነሱ ሳቬን እንጫናለን። ቦሩ ራሱ ነበር የሚነዳው። ቀይ ጽሑፉ በካርታው ላይ ቀረብ እያለን መጣ። ቅዳሜም ቀረበ።

ቅዳሜ ዕለት አቡያ ጎዳና ከገበያ ሲመለሱ እኛ ገና አልደረስንም። የቦሩ ልብስ በሽርጥ ተቋጥሮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። አክስቱ አምጥታው ነው የሄደችው።

«እንሂድ» አሉ አጎቱ።

«አቡያ፣ ትንሽ ቀርቶኛል።»

አንድ ትልቅ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚለውን እናውቃለን። ጨዋታ ነው፣ ተነሳ ይላል። አቡያ ጎዳና የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ስክሪኑን አዩት። ከዚያም ከሩቅ ለመጣ እንግዳ የሚቀርበውን ጥያቄ ሁሉ፣ ቀልድ ሳይጨምሩበት፣ በተራ ጠየቁ።

«እዚያ ናጋ ነው?»

«ናጋ ነው፣ አቡያ።»

«ዘንቧል?»

«እዚያ ዝናብ የለም። ኤላ አለ።»

«የማን ኤላ ነው? ማን አስገባችሁ?»

ቦሩ መለሰ። የጉድጓዱን ባለቤቶች፣ ተራ አውጪውን፣ እንዴት ጠይቀን እንደገባን፣ ሩቅያ ሰልፍ ጥሳ እንዴት እንደተተኮሰብን ነገራቸው። «ተገቢ ነው» አሉ አጎቱ ስለ ተኩሱ። ሩቅያ ይህን ለእኔና ለአባቴ ስትተረጉም ድምፅዋ ቅር ያለው ነበር። አባቴ ስለ ጉድጓዱ ደግሞ ጠየቀ፤ አቡያ ጎዳና መለሱለት። አባቴ በከተማዋ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ከአንድ የቦረና ሽማግሌ ጋር ስለ ውሃ ሲያወራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ መርከቧ መጣች። ጥቁር፣ መብራት የሌላት፣ በዝግታ በራሷ ላይ የምትዞር። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ወጣ።

«ሦስት ምርጫ አለ» አለ አባቴ። «ዕቃዋን ውሰድ። ጎትታት። ተዋት።»

«እንውሰድ» አለች ሩቅያ። «ነዳጅ የለንም። ጎትተን አንደርስም፣ እኛም እዚሁ እንቀራለን።» የነጋዴ ልጅ ናት፤ ልክም ነበረች።

«አይወሰድም» አለ ቦሩ።

«ማል ጄዳ?» አሉ አጎቱ። ምን ይላል?

«ባለቤቱ ጠፍቷል ይላል። ሆሪውን ውሰዱ ይላል።»

«ሞቷል ይላል?»

«አይልም፣ አቡያ። ጠፍቷል ነው የሚለው።»

«ሬሳውን ያየ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ሆሪውን ውሰዱ የሚለው ማነው?»

ቦሩ ከስክሪኑ ሳይዞር መለሰ። «ፍለጋውን ያቆሙት።»

ሩቅያ ይህን አልተረጎመችም። መተርጎም አላስፈለገውም፤ የአቡያ ጎዳና ፊት ተረጎመልን። እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ።

ጎተትናት። ነዳጁ መንገድ ላይ ሲያልቅ መርከባችን ቆመች። ከጎን አንድ ዞራ ብቅ አለ፤ እጃችን በልማድ ሊሸሽ ሲል ሩቅያ ቦሩን ገፍታ ተቀመጠች፣ ከራሳችን ሆሪ ሰጥታ ነዳጅ አመጣች። ከተንሳፋፊ ድንጋይ ጋር ተጋጭተን ሁሉ ሊያልቅ ደረሰ። ሐጂ ጄኔሬተሩን ሊያጠፉ ተነስተው ነበር፤ መሃል ላይ ቆመው ረሱት። ለስላሳው በረዶ ሠራ።

ጣቢያው ስንደርስ ጨዋታው እንኳን ደስ አላችሁ አላለም። ሙዚቃም የለም። ይህን የሠሩት ሰዎች መርከቧን ጎትቶ የሚያመጣ ይኖራል ብለው ብዙም ያሰቡ አይመስለኝም። በጣቢያው የቆሙት መርከቦች ስም ዝርዝር ብቻ ወጣ፤ ከስማችን ሥር፣ በነጭ፣ ሳይበራና ሳይጠፋ፣ GALE ይላል።

«ጌል» ብሎ አነበበ አባቴ። «ወደብ ላይ ናት። ገብታለች።»

«ገሌ» አለ ቦሩ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። እኔ እስከዚያ ቀን ሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አቡያ ጎዳና ተነሱ። ባንኮኒው ላይ ያለውን ጥቅል አነሱና ቦሩ እግር ሥር አስቀመጡት። የተናገሩት ለሐጂ ነው።

«ልጁ እስክመለስ ይማር። ላሞቹን ጎረቤት ይይዝልኛል። እኔ ዳዋን ልሻገር።»

በትራቸውን ከበሩ አንስተው ወጡ። ቦሩ ተከትሏቸው እስከ መንገዱ ሮጠ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲመለስ ግን ፊቱን በክንዱ ጠርጎ «ቀጥሉ እንጂ» ብሎ ተቆጣን።

ዝናቡ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ከሆነ በኋላ፣ ሁለት ሰዎች ሱቁ በር ላይ ቆሙ። አንዱ አቡያ ጎዳና ናቸው። ሌላው አንድ እግሩን የሚጎትት፣ ጉንጩ የገባ ወጣት ነው። ሊበን እግሩ ተሰብሮ ከዳዋ ማዶ የማያውቁት ሰዎች ቤት ተኝቶ ነበር። ከብቱን ሰዎቹ ከራሳቸው ተራ ላይ እየቀነሱ አጠጥተውለታል። ብዙው አልቋል፤ የቀረው ግን የእሱ ነበር፣ ማንም አልተካፈለውም።

ሰላምታው አልቆ፣ ሁሉም ናጋ ከተባባለ በኋላ፣ ሊበን «ያቺ መርከብ የት አለች?» አለ። ወሬውን አጎቱ መንገድ ላይ ነግረውታል። ቦሩ አሳየው። ሊበን ጎንበስ ብሎ አያት።

«ይቺ ናት? ከእኔም ትከሳለች» አለ፤ ሐጂ ከበረዶው ለስላሳ ከፈቱለት።

ቦሩ ሰኞ ትምህርት ቤት ነበር።

ልጆች ስክሪን ላይ ስለሚያፈጡ የሚሰበከውን ስብከት ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱን የጻፉት ወዳጆቼ ናቸው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፣ ዛሬውኑ አድርጉት። ወንበር ስባችሁ ልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ። እዚያ ሰላም ነው ወይ፣ ዘንቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁ አታርሙት፣ አትሳቁበት። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱ።